ከፍርዱ የቀደመው ርዕስ

በመሥሪያ ቤታችን ከጽሑፉ በፊት የሚመጣው ርዕሱ ነበር። ኃላፊው ጠዋት ሲገባ በአንድ ካርድ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ይጽፍና ከአንዳችን ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል። «ሽንብራ»። «የደም ግፊት»። «ድልድይ»። ካርዱ የደረሰው ሰው ጽሑፉን አዘጋጅቶ ያመጣል። ርዕሱ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሽንብራ ሽንብራ ነውና።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ የሚባልበት ጊዜ። ለበዓሉ እንዲደርስ ተብሎ በአማርኛ አንድ ትልቅ ኢንሳይክሎፔዲያ እንዲዘጋጅ ታዘዘ፤ ሥራውም ለእኛ ለጥቂት ሰዎች ተሰጠ። ቢሮአችን ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ ቪላ ነበር። ባለቤቶቹ አገር ለቀው ስለሄዱ ቤቱ ተወርሷል። ኃላፊው ሳሎኑን ይዟል፤ ታይፒስቷ ወጥ ቤቱ ውስጥ ትጽፋለች፤ እኔና አንድ ወጣት ባልደረባዬ መኝታ ቤቱን ተካፍለናል። የካርድ ሳጥኖቹ ቦታ ስላጡ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ በፊደል ተራ ተደርድረዋል። ቧንቧው ከተዘጋ ቆይቷልና ውኃ ያገኛቸዋል የሚል ሥጋት አልነበረብንም። አውሮፕላን በጣራው ላይ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ እኛም እስኪያልፍ ድረስ ወሬያችንን እናቆማለን።

እኔ የተማሪ ቤት ወንበር ላይ ብዙ አልተቀመጥኩም። ንባብ ከቄስ ትምህርት ቤት፣ ሌላውን ሁሉ ከማተሚያ ቤት ነው ያገኘሁት። ፊደል ለቃሚ ሆኜ ገብቼ አራሚ ሆኜ ወጣሁ። የቀረውን በየመጽሐፉ እየቆፈርኩ ራሴን አስተማርኩ። ወጣቱ ባልደረባዬ ግን ምሥራቅ አውሮፓ ሄዶ ታሪክ አጥንቶ የመጣ ነው። ክርክር ይወዳል፤ ሲሸነፍም አይከፋውም። እኔ ስሸነፍ ይከፋኛል።

አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት ካርድ «የቦሌ ቤቶች ምዝበራ» ይላል።

ዛሬ ሙስና የምንለውን ያን ጊዜ ምዝበራ ነበር የምንለው። ነገሩ እንዲህ ነው። በትርፍነት የተወረሱት ቪላዎች ለመንግሥት ሥራና ቤት ለሌለው ሠራተኛ ይከራያሉ ተብሎ ነበር። አንዳንዶቹ ግን ለአከፋፋዮቹ ዘመዶችና ለሹማምንት ወዳጆች ተሰጥተዋል የሚል አቤቱታ ቀረበ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጥቂት ሰዎች ታሰሩ፤ ጉዳዩም ወደ ልዩ ፍርድ ቤት ተመራ። ካርዱ ሲደርሰኝ ፍርድ ቤቱ ገና ምስክር መስማት አልጀመረም። በዚያ ፍርድ ቤት ደግሞ የመንግሥት ንብረት መዝብሯል የተባለ ሰው እስከ ሞት ሊፈረድበት እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን።

«ለምን ለእኔ ሰጠኸኝ?» ብዬ ኃላፊውን ጠየቅሁት።

«የሰፈሩ ሰው አይደለህ? አንተ ያላወቅኸውን ማን ያውቀዋል?»

እውነቱን ነው። አንደኛው ተከሳሽ የሰፈሬ ሰው ነበር። የእሱ በር ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው፤ እሱ ቪላው ውስጥ፣ እኔ ከሌላ ቪላ ጀርባ ካለው ሰርቪስ ቤት። የሰፈሩን ቤቶች የሚያከፋፍለው እሱ ነበርና ያን ሰርቪስ ቤት የሰጠኝም እሱ ነው። ልጆቼ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው እያደሩ ሰፋ ያለ ቤት እንዲሰጠኝ ብዙ ጊዜ ደጅ ጠንቼዋለሁ። አንድ ቀን ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ቢያወጡት እኮ ቤቱ ይሰፋልዎታል» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። በዚያው ሰሞን ከትውልድ አገሩ የመጡ ዘመዶቹ የቤት ዕቃቸውን በጭነት መኪና አስጭነው ከእኛ መንገድ ላይ ካለ ቪላ ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ በልቤ ከፈረድኩበት ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ሰውየውን እወደው ነበር ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር ነው።

ካርዱን ይዤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። በእኛ መጽሐፍ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ርዕሱን አንሥቶ ምን እንደሆነ ይናገራል። «ሽንብራ ከጥራጥሬ ወገን የሆነ ተክል ነው።» በዚሁ ልማድ «የቦሌ ቤቶች ምዝበራ እነ እገሌ በመንግሥት ቤቶች ላይ የፈጸሙት ዘረፋ ነው» ማለት ነበረብኝ። እጄ እምቢ አለ። ከፊቴ የነበረው የአጣሪ ኮሚቴው ሪፖርት ራሱ «ተጠርጥረዋል» ነው የሚለው። ሪፖርቱ ያላለውን እኔ ከየት አምጥቼ እላለሁ? ዓረፍተ ነገሩን ለማስተካከል ብዙ ደከምኩ። በመጨረሻ ችግሩ ከዓረፍተ ነገሩ ሳይሆን ከርዕሱ መሆኑ ገባኝ። ከረቂቄ ላይ ሰረዝኩትና «የቦሌ ቤቶች ድልድል ምርመራ» ብዬ ጻፍኩ።

ባልደረባዬ ከትከሻዬ በላይ አንብቦ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄንን ማን ፈልጎ ያገኘዋል? መገናኛ ይውረዱና አንዱን የውይይት ታክሲ ተሳፋሪ ይጠይቁት። ‹የድልድል ምርመራ› ቢሉት የሒሳብ ፈተና ይመስለዋል። ‹የቦሌው ምዝበራ› ቢሉት ግን መውረጃዎ እስኪያልፍዎ ድረስ ያወራልዎታል።»

«ተሳፋሪ የሚያወራውን ሁሉ ልጻፍ?»

«የሚጠራበትን ስም ይጻፉ ነው ያልኩት። ስሙን ያወጣው ሕዝቡ ነው፤ እኛ አይደለንም።»

«ሰፈራችን ውስጥ አንዱን ልጅ ሁሉም ‹ዶሮ ሌባ› ይለው ነበር። ዶሮዎቹን የጨረሰው ሸለምጥማጥ ሆኖ ተገኘ፤ ተገደለም። ልጁ እስከ ዛሬ ዶሮ ሌባ ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣው ሕዝቡ ነው።»

«እሺ፤ ሰውየው አልመዘበረም ነው የሚሉኝ?»

«መዝብሯል ብዬ ነው የማምነው።»

«ታዲያ ምን ሊከራከሩኝ ነው?»

«የእኔ ማመን ርዕስ አይሆንም።»

አውሮፕላን እያለፈ ነበር፤ ድምፁ ሲጠፋ በተለየ ቃና ተናገረ። «አንድ ነገር ግን ያስቡበት። በእርስዎ ርዕስ ጥፋቱ ራሱ ይጠፋል። ‹ድልድል› ሲባል ንጹሕ ሥራ ይመስላል። ቤት ይሰጠናል ብለው ደጅ ሲጠኑ የኖሩት ሰዎች የት አሉ? እነሱስ ከመጽሐፉ ውስጥ ቦታ የላቸውም?»

ይህ ነካኝ፤ ደጅ ከጠኑት አንዱ እኔ ነኝና። ለተከሳሹ ፍትሕ ስፈልግ አቤት ባዩን ልሰውረው ነበር። ቃል መምረጥ እንዲህ ነው፤ ከአንዱ ወገን ሸሽተህ ስትሄድ ከሌላው ወገን ትገኛለህ። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ስንጨቃጨቅ ቆየንና ተስማማን። «ድልድል» የሚለው ወጣ፤ ርዕሱ «የቦሌ ቤቶች ምርመራ» ሆነ። የመጀመሪያው አንቀጽ ቤት የለሾቹ ያቀረቡትን አቤቱታ ይናገራል። ሁለተኛው ኮሚቴው ማንን በምን እንደጠረጠረ ያስረዳል። ሦስተኛው ፍርድ ገና አልተሰጠም ይላል። ሕዝቡ ለሚጠራበት ስም ደግሞ ሌላ ካርድ ይዘጋጅለታል፤ በዚያ ስም የሚፈልግ ሰው ወደ ዋናው ጽሑፍ ይመራል። ይህ የባልደረባዬ ሐሳብ ነው፤ መልካም ሐሳብ ነበር።

ኃላፊው ጽሑፉን አገላብጦ አየው። «ርዕሱን በኋላ እንነጋገርበታለን። ለአስተያየት ግን ይሂድ፤ ጊዜ የለንም» አለ።

ለአስተያየት መላክ የሥራችን ልማድ ነው። የተዘጋጀ ረቂቅ ሁሉ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይላካል። ሽንብራው ወደ እርሻ ይሄዳል፤ የደም ግፊቱ ወደ ጤና። ኃላፊው ሸኚ ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ ገጽ እንዳይቀየር ተብሎም በየገጹ ክብ ማህተም ይመታበታል። ታይፒስቷ ረቂቁን ስትገለብጥ ከላይ የምታሰፍረው ካርዱ ላይ ያለውን ርዕስ ነው፤ የተመዘገበው ካርዱ ነውና። ካርዱ ገና «ምዝበራ» እንዳለ ነበር። እሷ እንደታዘዘችው ጻፈች፤ ኃላፊውም እንደ ልማዱ ማህተሙን መታበት። ወደ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደተላከ እኔ አልተነገረኝም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የተከሳሹን ሚስት በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት። ትልቋ ልጄ ከእሷ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ነው የምትማረው። ልጅቷን ተማሪዎቹ «የመዝባሪ ልጅ» እንደሚሏት ልጄ ነግራኝ፣ አንቺ ብትይ ወዮልሽ ብያት ነበር። ከዚያ በላይ ከቤቱ ጋር ግንኙነት አልነበረንም። ባለቤቴ ልጆቹን አስወጥታ ሴትዮዋን አስቀመጠቻት።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት።»

«ተናገሪ።»

«የባለቤቴ መዝገብ ውስጥ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የመጣ ወረቀት ገብቷል። ‹የቦሌ ቤቶች ምዝበራ› ይላል። በየገጹ ክብ ማህተም አለበት።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጠበቃው አይቶታል።»

«እሱ እኮ ረቂቅ ነው። ለአስተያየት ተልኮ ይሆናል።»

«ለእርስዎ ረቂቅ ነው፤ ለእነሱ ግን ማህተም ነው። ዓቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አንሥቶ፣ ‹ይኸው፣ መንግሥት ራሱ ምዝበራ ብሎታል› ብሏል። ሞት እንዲፈረድበት ነው የሚጠይቀው።»

የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፍርድ ቤቱ ተደርጎ ነበር። ስለ ሽንብራ እርሻን እንደምንጠይቅ፣ ስለ ክሱ ፍርድ ቤቱን ጠየቅን። ያን ጊዜ በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ ማህተም ያለው ወረቀት አስተያየት ይጠይቅ ወይ አስተያየት ይስጥ የሚለይ አልነበረም። ማህተም ካለው ቃል ነው።

«ባለቤትሽን እንደማልወደው ታውቂያለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ። እሱም አይወድዎትም።»

ባለቤቴ ፊቷን አዞረች፤ ሳቋን ለመደበቅ ይመስለኛል።

«ጥፋተኛ ነው ብዬም አምናለሁ።»

«ይመኑ። ይመስክሩለት አላልኩም። ቤቱን ለማን እንደሰጠ እኔ አላውቅም፤ ለእኔ አይነግረኝም። ግን ፍርድ ቤቱ ሳይል እናንተ ቀድማችሁ ብላችሁታል። እሱን አንሡልኝ ነው የምለው።»

«ቃል አልገባልሽም።»

«ቃል አልጠየቅኩዎትም። ሄደው ይዩት።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ልጄ ከበሩ ኋላ ስትሰማ ኖሮ ገብታ፣ «አባዬ፣ ሰውየው ሌባ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ሌባ ነው ማለት የሚችለው ሲሰርቅ ያየና ማስረዳት የሚችል ሰው ብቻ መሆኑን ነገርኳት። ይህን ልጆቼን ሁሉ ያስተማርኩት ነገር ነው፤ የማታውቁትን አውቃለሁ አትበሉ፤ የምታውቁትንም ማስረዳት እስክትችሉ ድረስ ዝም በሉ። እሷ ግን፣ «እርስዎ እኮ አይቻለሁ ብለው ነበር፤ ጭነት መኪናውን» አለች። ያየሁት ጭነት መኪና ነው፤ ቤቱን ማን እንደፈቀደ አላየሁም። ይህንንም ነገርኳት፤ ለራሴም ጭምር ነበር የምናገረው።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ሳይቀመጥ ገባሁ።

«ረቂቁ ለምን ወደ ፍርድ ቤት ተላከ?»

«የሚመለከተው እሱ ነዋ! ሽንብራውን ለእርሻ አልላክንም?»

«ሽንብራ አይታሰርም።»

«ጓድ» አለኝ። ስሜን ትቶ ጓድ ካለኝ ተቆጥቷል ማለት ነው። «ሰውየው ምንህ ነው? ቤት ነፍጎህ ነበር ሲሉ ነው የሰማሁት።»

«ነፍጎኛል።»

«ታዲያ?»

«የሚፈረድበት እኔን ስለነፈገኝ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ማህተም የእኛ ነው፤ ፍርዱ ግን የእኛ አይደለም። ርዕሱ የመሥሪያ ቤቱ አቋም አለመሆኑን ጽፈን እናሳውቅ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እንዲህ ብዬ ጻፍኩ እንበል። ነገ አንዱ፣ ‹ለመዝባሪ ጥብቅና የቆመው ማን ነው?› ብሎ ይጠይቃል። እኔንስ በምን ርዕስ ይጽፉኛል?»

ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ብዙ ሰው ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከቤቱ ሳይቀር ተወስዶ ያላየ ሰው ፍርሃቱን ሊንቀው ይችላል። እኔ አልናቅሁትም። ትናንሽ ልጆች ነበሩት።

ትንሽ ቆይቶ ኮቱን አነሣ። «ማህተሙ መሳቢያው ውስጥ ነው። እኔ ስብሰባ አለብኝ፤ እስከ ከሰዓት አልመለስም» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። «አንተ ሳትፈርም አልነካውም» አልኩት።

«ድርቅ ያልክ ሰው ነህ» ብሎኝ ወጣ።

ወደ መኝታ ቤቱ ስመለስ ባልደረባዬ ሁሉን ሰምቷል፤ በሩ በቅጡ አይዘጋም ነበር። «ጋሼ፣ በር እኮ ከፍቶልዎት ነበር» አለኝ።

«ማህተም ሰርቄ ስለ ስርቆት ልጽፍ?»

ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ እርሳሱን እያሽከረከረ አሰበ። «የደም ግፊቱን ረቂቅ አሻሽለን ዳግመኛ ስንልክ ‹የፊተኛው ይመለስልን› ብለን አልጻፍንም? ያን ጊዜ ተሳስተናል ያለ ሰው የለም፤ ይቅርታ የጠየቀም የለም። የተለመደ ሥራ ነው። ይሄንንም እንደዚያው እናድርገው።»

እኔ ተሳስተናል ብለን በግልጽ እንድንጽፍ ነበር የምፈልገው። እሱ ግን፣ «እርስዎ የሚፈልጉት ኃላፊው እንዲያፍር ነው ወይስ ወረቀቱ እንዲነሣ?» አለኝ። በሐሳቡ ውሸት የለበትም፤ ረቂቁ በእርግጥ ይሻሻላል፤ የፊተኛው በእርግጥ እንዲመለስ እንፈልጋለን። ሳስበው ከእውነት ይልቅ ቁጣዬ ነበር የሚናገረው። ታይፒስቷ «የቦሌ ቤቶች ምርመራ» ብላ እንደገና ገለበጠችው።

ኃላፊው ከስብሰባ ሲመለስ ጽሑፉንና ሸኚ ደብዳቤውን አቀረብንለት። ሁሉንም ገጽ አነበበ፤ ለወትሮው እንዲህ አያነብም። ካርዱን አስመጥቶ «ምዝበራ» የሚለውን በገዛ እጁ ሰርዞ «ምርመራ» ጻፈ፤ አጠገቡም ፈረመ። ከዚያ በየገጹ ማህተሙን መታ።

«ይህ የተለመደ ሥራ ነው አይደል?» አለ።

«የተለመደ ነው።»

«በፖስተኛ አልልከውም። ራስህ ታደርሰዋለህ።»

በማግስቱ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሽበታም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ደብዳቤውን አንብቦ መለሰልኝ።

«የፊተኛው ይመለስልን ይላል። አይመለስም። መዝገብ ውስጥ የገባ ወረቀት አይወጣም።»

«ረቂቅ እኮ ነው።»

«እዚህ ከገባ መዝገብ ነው። አንዱን ካወጣሁልህ ነገ ሌላው ሌላውን አውጣልኝ ይላል፤ መዝገብ አይቀርም። ይህን ትፈልጋለህ?»

አልፈልግም አልኩት፤ ትክክል ነበር። አዲሱስ ከዚያው ጋር ይያያዛል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«እሱ ይቻላል» አለና መዝገቡን አወጣ፤ ወፍራም ነበር። ወረቀቱን በወስፌ በስቶ ከሌሎቹ በላይ አድርጎ በክር ሰፋው። «አዲስ የሚመጣው ከላይ ነው የሚሆነው። ዳኛም ከላይ ነው የሚጀምረው።»

«እስከ ታች ያነቡታል?»

«እንደ ጊዜው ነው።»

ከዚያ በላይ የማደርገው አልነበረም። ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ ስመለስ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለዚሁ ነገር ያወራሉ። አንዱ፣ «ሁሉንም ቤት የወሰደው እሱ ነው አሉ» ሲል ሌላው፣ «ኧረ ተወኝ፤ እሱ በረኛ ነው፤ የበሉት ሌሎች ናቸው» ይላል። ሹፌሩ በመስተዋት እያያቸው፣ «ቀስ በሉ፤ ቀጣዩን ርዕስ እናንተ እንዳትሆኑ» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ለፖለቲካ ትምህርት በምንሰበሰብበት የመሥሪያ ቤቶች የውይይት ክበብ ላይ ስሜ ተነሣ። የማን ጥቆማ እንደሆነ አላውቅም፤ ኃላፊው ግን አይመስለኝም። የስብሰባው መሪ ስለ ርዕሱ ሂስና ግለ ሂስ እንዳደርግ አዘዘኝ። ቆሜ፣ «ርዕሱን ያስቀየርኩት ፍርድ ስላልተሰጠ ነው፤ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ፍርዱን እጽፈዋለሁ» አልኩ። ግለ ሂስ አይመስልም አሉኝ። ሌላ የለኝም አልኩ። ባልደረባዬ ተነሥቶ ርዕሱን ሁለታችን እንደቀየርነው ተናገረ፤ ሳይጠየቅ ነው የተናገረው። ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ ይጽፍ ነበር። «ንቃተ ህሊናቸው ይታረም» ተብለን ተመዘገብንና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ። ብዙ የባሰ ነገር አይተናልና ቀላል ነበር።

ክሱ ለወራት ቆየ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ዓቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ዳግመኛ እንዳነሣው ጠበቃው ለሴትዮዋ ነግሯታል። የመሐል ዳኛው መዝገቡን ከላይ ገለጥ አድርገው፣ «መሥሪያ ቤቱ ራሱ ለውጦታል፤ እለፈው» አሉ። የተባለው ይህ ብቻ ነው። ዳኞቹ ስለሌላው ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ የእኛ ወረቀት ይህን ወይም ያን አደረገ ብዬም አልናገርም። ፍርዱ ሲነበብ አብሮት ከተከሰሱት አንዱ በነጻ ወጣ። የሰፈሬ ሰው ቤት ለዘመዶቹ በመስጠት ጥፋተኛ ተባለ፤ ሌሎቹ ክሶች አልተረጋገጡም። የተፈረደበት ረጅም እስራት ነው። ሞት አልተፈረደበትም።

ባልደረባዬ ፍርዱን እንደሰማ፣ «እንግዲህ አሁን ‹ምዝበራ› ማለት ይችላሉ» አለኝ፤ ሊያሾፍብኝ ነው። በነጻ የወጣውን ሰው ከዚያ ርዕስ በታች የት አደርገዋለሁ አልኩት። ርዕሱ እንደነበረ ቀረ። ሦስተኛውን አንቀጽ አውጥቼ በምትኩ ፍርዱን ጻፍኩ፤ ማን በምን ጥፋተኛ እንደተባለ፣ ማን እንደተለቀቀ። አንድም ቅጽል አልጨመርኩበትም።

ሴትዮዋን ከዚያ በኋላ ያገኘኋት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የስንቅ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ወህኒ ቤት ስትሄድ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ አጥሩን እጠግን ነበር። ሰላምታ ሰጥታ አለፈችና ተመለሰች።

«ጋሼ፣ በመጨረሻ ምን ብለው ጻፉት?»

«የተፈረደበትን።»

«ያንን ብቻ?»

«ያንን ብቻ።»

«መጽሐፉ መቼ ይወጣል?»

«አይታወቅም። ወረቀት የለም እያሉ ነው።»

ዘንቢሉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «ሲወጣ ይንገሩኝ። ልጄ ታንብበው። ሌላው የሚላትን ሁሉ ሰምታለች፤ የተፈረደበትን ግን ከሰው አፍ ሳይሆን ተጽፎ ታንብበው።» ከዚያ፣ «እርስዎ ግን አሁንም ከተፈረደበት በላይ ነው የሚያስቡት አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፤ አስባለሁ።»

«አውቄያለሁ» አለች። አልተቀየመችም፤ አላመሰገነችኝምም። ታክሲ እንዳያመልጣት ቸኩላ ሄደች።

ባለቤቴ ከውስጥ ሆና ሰምታን ነበር። በሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «አንተ፣ ሻይ እንኳ ጠጪ አላልካትም?» አለችኝ።

አላልኳትም። መንገዱን ቀና ብዬ ባየው ከታክሲው ፌርማታ ደርሳ ቆማለች፤ ታክሲው ገና አልመጣም። መዶሻውን አስቀምጬ ልጠራት ሄድኩ።